በሚኒሞ የሚሠራ፣ ሲረግጡት የሚጠፋ የናፍጣ ሞተር፦ ፖምፓው ከመውረዱ በፊት

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ስድስት ሲሊንደር ያለው፣ ኤሌክትሮኒክስ የሌለው፣ የቆየ የናፍጣ የጭነት መኪና ነው። በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ፣ በዝቅተኛው ዙር) ቀኑን ሙሉ ቢቆም አይጠፋም። ባዶውን ቀስ ብዬ ስነዳውም ደህና ነው። ጭኖ ሲነሳ ወይም ዳገት ላይ ነዳጅ ስረግጥ ግን ይታፈናል፣ ይንገጫገጫል፣ ከዚያ ይጠፋል። በእጅ ፓምፑ ጥቂት ስመታው ይነሳል፤ ትንሽ ሄዶ ያንኑ ይደግማል። ፊልትሮ ሁለት ጊዜ ቀይሬያለሁ። አሁን ፖምፓው (ናፍጣን በከፍተኛ ግፊት ወደ ኖዝሎቹ የሚልከው) ይውረድ ተብያለሁ። ላስወርደው?»

አሁን አያስወርዱት። ከጻፉት ሁሉ ትልቁን ፍንጭ የሰጠው «በእጅ ፓምፑ ስመታው ይነሳል» የሚለው ነው። የናፍጣ ፖምፓው ውስጡ ተበልቶ ቢሆን ኖሮ በእጅ መምታት አያድነውም ነበር። በእጅ ሲመቱት ናፍጣ ይደርሰዋል፣ ሲደርሰው ይሠራል። ስለዚህ የሚጠረጠረው መንገዱ ነው፦ ከሳልባትዮው (ከናፍጣ ታንኩ) ተነስቶ፣ ናፍጣ ስባ በምትልከው በሳቢዋ ፓምፕና በፊልትሮው አልፎ እስከ ፖምፓው መግቢያ ድረስ ያለው። ፖምፓ ማውረድና ማስመርመር ብዙ ወጪና ብዙ ቀን ነው፤ ይህን መንገድ መፈተሽ ግን ለሥራው ከተዘጋጁ የአንድ ቀን ሥራ ነው።

በሚኒሞ ለምን እንደማይጠፋ ቁጥሩን ማየት ይረዳል። 120 ኪሎዋት ጉልበት ያለው ሞተር በሙሉ ጭነት በሰዓት ወደ 30 ሊትር ናፍጣ ያቃጥላል። ያው ሞተር በሚኒሞ ሲቆም የሚበቃው በሰዓት 2 ሊትር አካባቢ ነው። ልዩነቱ ከአሥር እጥፍ በላይ ነው። በሰዓት 6 ወይም 7 ሊትር ብቻ የሚያሳልፍ ግማሽ የተደፈነ ቱቦ ሚኒሞውን ያለ ችግር ይመግባል፣ ባዶ መኪናም ቀስ ብሎ ያስኬዳል፤ ሲረግጡት ግን ፖምፓው ውስጥ የተጠራቀመው ናፍጣ በሰከንዶች ያልቅና ሞተሩ ይራባል። በዚህ ላይ ሳቢዋ ፓምፕ የምትልከው ከሚቃጠለው በላይ መሆን አለበት፤ ትርፉ በመመለሻው ቱቦ ወደ ሳልባትዮ ሲመለስ አየርንና ሙቀትን ይዞ ይወጣል።

ከመፍታትዎ በፊት ሌላ ሰው ይንዳና እርስዎ ጭሱን ይመልከቱ። ሊጠፋ ሲል ጭሱ እየሳሳ ሄዶ ጭስ ሳይኖር ከጠፋ ናፍጣ አጥሮታል። ነጭ ጭስ እየተፋ፣ እየዘለለ ከጠፋ ናፍጣው ውስጥ አየር ወይም ውሃ አለ። ጥቁር ጭስ አፍኖ የሚሞት ከሆነ ናፍጣው ደርሷል፣ ያጠረው አየር ነው ወይም ጭሱ መውጫ አጥቷል፤ ያኔ ከታች «ናፍጣ እያለ የሚያጠፋው ነገር» በሚለው ሥር ስለ አየርና ስለ ማርሚታ (የጭስ ማውጫው) ወዳለው ይዝለሉ። ይህን ሳያዩ ዕቃ መቀየር መጀመር በጨለማ መደናበር ነው።

መጀመሪያ ክዳኑ

የሳልባትዮው ክዳን ወይም መተንፈሻው ከተደፈነ ናፍጣው በተሳበ ቁጥር ውስጡ ባዶነት ይፈጠራል፤ ሳቢዋ ፓምፕም ከዚያ ባዶነት ጋር ትታገላለች። መኪናው ሲጠፋብዎ ወዲያው ወርደው ክዳኑን ይክፈቱ። «ሽሽ» ብሎ አየር ከሳበ መልሱ ተገኝቷል። ድምፅ ባይሰሙም ክዳኑን አላልተው፣ አፉን በንጹህ ጨርቅ ሸፍነው አንድ ዳገት ይሞክሩት። መተንፈሻው የደረቀ ጭቃ የሚወደው ቦታ ነው፤ በነዳጅ አጥበው በአፍ ሲነፉት አየር ማሳለፍ አለበት።

ቀጥሎ ከሳልባትዮው ግርጌ ባለው መክፈቻ ግማሽ ሊትር፣ ከፊልትሮው ሥር ደግሞ አንድ ብርጭቆ ያህል ናፍጣ ግልጽ ጠርሙስ ውስጥ ይቅዱ። ግማሽ ሰዓት ይተዉት። ውሃ ካለ ከታች ተለይቶ ይቀመጣል፤ ጥቁር ዝልግልግ ነገር ካዩ ደግሞ በውሃና በናፍጣ ድንበር ላይ የሚያድግ ተሕዋስ ነው፤ መሳቢያውን ደጋግሞ የሚደፍነው እሱ ነው። ሁለት ጊዜ ፊልትሮ ቀይረው ችግሩ የተመለሰው በዚህም ሊሆን ይችላል። የወጡትን ፊልትሮዎች አልጣሉ ከሆነ አንዱን ቆርጠው ወረቀቱን ይዘርጉት፤ ውስጡ የሳልባትዮዎን ሁኔታ ይነግርዎታል።

የጀሪካን ሙከራ

ከዚህ ሁሉ በላይ የማምነው ይህን ሙከራ ነው፤ ትክክል ከተሠራ ጥፋቱ ያለበትን አካባቢ ለይቶ ያስቀምጣል። የሚያስፈልገው 20 ሊትር የሚይዝ ንጹህ ጀሪካን፣ 10 ሊትር የተጣራ ናፍጣ፣ ውስጡ 8 ወይም 10 ሚሊሜትር የሆነ ናፍጣ የሚችል ግልጽ ቱቦ በሁለት ቁራጭ፣ አራት የቱቦ ማሰሪያ ነው። ከሳልባትዮ መጥቶ ሳቢዋ ፓምፕ ላይ የሚገባውን ቱቦ ይፍቱና በቦታው አንዱን ግልጽ ቱቦ አስረው ጫፉን ጀሪካኑ ውስጥ እስከ ታች ያስገቡ። የመመለሻውን ቱቦም ፈትተው በሁለተኛው ቁራጭ ወደዚያው ጀሪካን ይመልሱት፤ ጫፉ ከናፍጣው በታች ይሁን። መመለሻውን ካልመለሱ ጀሪካኑ ሳያስቡት ባዶ ይሆናል፤ አረፋም ማየት አይችሉም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጀሪካኑ የሚቀመጥበት ከፍታ ላይ ነው። ካቢን ጣሪያ ላይ ካስቀመጡት ናፍጣው በራሱ ክብደት ይወርድና የደከመች ፓምፕም ብትሆን ጤነኛ ትመስላለች። ስለዚህ መጀመሪያ ከሳልባትዮው እኩል፣ ከሻሲው ጋር አጥብቀው ይሠሩት፤ ከማርሚታና ከሚሽከረከር ዘንግ ይራቅ። አየሩን አስወጥተው ያስነሱት። ቆሞ መርገጥ ብቻውን ብዙ ጊዜ አያሳይም፤ ጭነት ከሌለ ዙሩ ቢወጣም ሞተሩ የሚበላው ትንሽ ነው። ሌላ መኪና በሌለበት፣ አጭር ዳገት ባለው ግቢ ውስጥ በከባድ ማርሽ ያስጎትቱት።

ከሳልባትዮ እኩል ተቀምጦ ካልጠፋ ጥፋቱ በሳልባትዮውና በሳቢዋ ፓምፕ መካከል ነው። ካልዳነ ጀሪካኑን ከሞተሩ አንድ ሜትር ያህል ከፍ አድርገው ይድገሙት፤ አሁን ከዳነ የደከመችው ሳቢዋ ፓምፕ ናት። በሁለቱም ካልዳነ ጥፋቱ ከሳቢዋ ፓምፕ ወዲያ ነው፦ ፊልትሮ፣ የመመለሻ ቫልቭ (ትርፉን ናፍጣ ወደ ሳልባትዮ የሚለቀው)፣ ማጥፊያው (ናፍጣውን ዘግቶ ሞተሩን የሚያቆመው)፣ ወይም በመጨረሻ ፖምፓው ራሱ።

ከሳልባትዮ እስከ ሳቢዋ ፓምፕ

እዚህ ያሉት ጥፋቶች ሁለት ዓይነት ናቸው፦ መደፈንና አየር መሳብ። በግልጹ ቱቦ ይለያሉ። መኪናውን በራሱ ሳልባትዮ መልሰው፣ ግልጹን ቱቦ መስመሩ ወደ ሳቢዋ ፓምፕ ከመግባቱ በፊት በመካከል ይግጠሙት። ሲረግጡት አረፋ ከሮጠ አየር እየገባ ነው። አረፋ ከሌለና ቱቦው ወደ ውስጥ ከተጨማደደ መንገዱ ተደፍኗል። የባዶነት መለኪያ ካለዎት እዚያው ይግጠሙ፤ ለብዙ ሞተሮች በሙሉ ጉልበት እስከ 100 ሚሊሜትር ሜርኩሪ፣ ማለትም 0.13 ባር አካባቢ ይፈቀዳል፤ ከዚያ ካለፈ የሚታነቅ ነገር አለ። የራስዎ ሞተር ማኑዋል ሌላ ልክ ከሰጠ እሱን ይያዙ።

ለመደፈን መጀመሪያ የሚታየው ሳልባትዮ ውስጥ የገባው የመሳቢያ ዘንግ ጫፍ ላይ ያለችው ወንፊት ናት። ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ደቂቃ ሲቆም ቆሻሻው ከወንፊቷ ላይ ይወርዳል፤ መልሶ የሚነሳውና ትንሽ ሄዶ የሚጠፋው ለዚህ ነው፤ ከገለጹት ጋር ይመሳሰላል። ሁለተኛው የጎማ ቱቦ ነው። የቆየ ጎማ ከውጭ ደህና መስሎ የውስጡ ሽፋን ይላቀቅና እንደ በር ይሆናል፤ ሲሳብ ይዘጋል፣ ሳይሳብ ይከፈታል። በአፍ ነፍተው «ይሄ ክፍት ነው» ቢሉ ያታልልዎታል፤ የነፉት ከተገላቢጦሽ ነውና። ከአሥር ዓመት በላይ የቆየ የጎማ ቱቦ ከሆነ ሳይከራከሩ ይቀይሩት። ከሳቢዋ ፓምፕ በፊት ትንሽ ወንፊት ወይም የውሃ መለያ ብርጭቆ ያለባቸው ሞተሮችም አሉ፤ ሰው የሚረሳት እሷን ነው።

አየር መሳብ ከመደፈን ይልቅ ተንኮለኛ ነው። ይህ መስመር የሚሠራው በመሳብ ስለሆነ ቀዳዳ ቢኖርም ናፍጣ ወደ ውጭ አይንጠባጠብም፤ ደረቅ ሆኖ አየር ያስገባል። ሌሊት ቆሞ ጠዋት ለመነሳት ረጅም መዞር የሚፈልግ ከሆነ ናፍጣው ወደ ሳልባትዮ ተመልሶ አድሯል ማለት ነው፤ ይህ የአየር ምልክት ነው። ሳልባትዮው ሲጋመስ የሚጀምር፣ ሲሞላ የሚጠፋ ችግር ከሆነ ደግሞ የመሳቢያው ዘንግ ውስጥ ለውስጥ ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ ከናፍጣው በላይ ሲሆን አየር ይስባል።

ለመፈለግ መስመሩን ከሁለቱም ጫፍ ይፍቱት፣ አንዱን ይድፈኑት፣ በሌላው ከ1 ባር ያልበለጠ አየር ይስጡትና በየመጋጠሚያው የሳሙና አረፋ ይቀቡ። ሳልባትዮውን ራሱን በኮምፕሬሰር አየር በፍጹም አይንፉት፤ ለግፊት አልተሠራም፣ ሊፈነዳ ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ቦታ መሃሉ ክፍት የሆነው ብሎን ሥር ያሉት የመዳብ ሮንዴላዎች (ቀለበት ማሸጊያዎች) ናቸው። አንዴ ከተጨመቁ ይደድራሉ። አዲስ ማድረግ ነው፤ ካልተገኘ ቀላ እስኪሉ አሙቀው፣ አቀዝቅዘው፣ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ጠፍጥፈው ካስተካከሉ ይለሰልሳሉ። የሚያፈስ መጋጠሚያ ላይ የብሎን ጥርስ ማሸጊያ ፕላስቲክ (ቴፍሎን) መጠቅለል አልወድም፤ ክሩ ተበጥሶ ወደ ፖምፓው ይሄዳል፤ ደግሞም በዚህ ዓይነት ብሎን ላይ የሚያሽገው ጥርሱ ሳይሆን ሮንዴላው ነው።

የእጅ ፓምፑንም ይመልከቱ። ከመታችሁት በኋላ የሚጫኑት እጀታ ወደ ታች ተጭኖ እስከ መጨረሻው ካልጠበቀ፣ ወይም የውስጥ ጎሚኒው (የጎማ ማሸጊያው) ካለቀ አየር የሚያስገባው እሱ ራሱ ነው። ፊልትሮም ሲቀየር የድሮው ጎሚኒ ከላይ ተጣብቆ ቀርቶ አዲሱ በላዩ ላይ ሲታሰር አየር ያስገባል፤ ሁለት ጊዜ ስለቀየሩ ይህን አውልቀው ይዩልኝ።

ሳቢዋ ፓምፕ፣ ፊልትሮና የመመለሻ ቫልቭ

አሁን ከ0 እስከ 4 ባር የሚያነብ ጌጅ (የግፊት መለኪያ) ያስፈልጋል። ከፊልትሮው በኋላ፣ ወደ ፖምፓው ከመግባቱ በፊት ባለው መስመር ላይ ይግጠሙት፤ ቱቦውን አስረዝመው ከካቢን ሆነው ቢያነቡት ጥሩ ነው። በፖምፓው ጎን የተገጠሙት ባለ ፒስተን ሳቢ ፓምፖች በአብዛኛው ከ1 እስከ 1.5 ባር ይሰጣሉ፤ ባለ ዲያፍራሞቹ (በተለጣጭ ሽፋን የሚስቡት) ዝቅ ይላሉ፣ ከ0.3 እስከ 0.7 ባር። ከቁጥሩ በላይ የሚናገረው ሲረግጡት የሚሆነው ነው። ትንሽ ወርዶ ከቆመ ጤነኛ ነው። መርፌው ወደ ዜሮ ከወረደና ሞተሩ ከተከተለው ምግቡ ተቋርጧል። መርፌው ፍንክች ሳይል ሞተሩ ከጠፋ ደግሞ የናፍጣ አቅርቦቱን በሙሉ ነጻ አድርገውታል፤ ወደ ማጥፊያውና ወደ ፖምፓው ይሂዱ።

ግፊቱ ከወረደ ጌጁን ከፊልትሮው በፊት ያዛውሩት። ከፊልትሮ በፊትና በኋላ ያለው ልዩነት በጭነት ከ0.35 ባር ካለፈ ፊልትሮው ነው፣ አዲስም ቢሆን። ከፊልትሮ በፊትም ዝቅተኛ ከሆነ ወይ ሳቢዋ ፓምፕ ደክማለች ወይ የመመለሻ ቫልቩ ስፕሪንግ ላልቷል። ለመለየት ሞተሩ እየሠራ የመመለሻውን የጎማ ቱቦ ለሁለት ሰከንድ በፒንሳ ለስለስ አድርገው ይጭመቁት። ግፊቱ ዘልሎ ከወጣ ፓምፗ ጉልበት አላት፤ ቫልቩ ናፍጣውን ከልክ በላይ እየለቀቀ ነው፣ ይቀየር። ካልወጣ ፓምፗ ናት። ባለ ፒስተኗ ውስጥ ቫልቮቹና ስፕሪንጉ ይለቃሉ ወይም ቆሻሻ ይይዛቸዋል፤ አንዳንዴ አጥቦ መመለስ ብቻ ይበቃል። ባለ ዲያፍራሟ ከተቀደደች ናፍጣው ወደ ሞተር ዘይት ይገባል፦ የዘይት መለኪያውን አውጥተው ይዩ፤ ከፍ ካለ፣ ከቀጠነና ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ ሞተሩን አያስነሱት። የቀጠነ ዘይት ኮሎ (የሞተሩን ዋና ዘንግ) የሚበላው በአጭር ጊዜ ነው፤ ፓምፗ ተቀይራ ዘይቱና የዘይት ፊልትሮው አብረው ይለወጡ።

ናፍጣ እያለ የሚያጠፋው ነገር

የቆዩ መኪናዎች ላይ ይህ ብዙ ሰው ያሳስታል። ፖምፓው ላይ የማጥፊያ እጀታ አለ፤ በሽቦ ከካቢን ይሳባል። የሞተሩ መቀመጫ ጎማ (ሱፖርት) ከተቀደደ፣ ጭኖ ሲነሳ ሞተሩ ወደ ጎን ያዘነብላል፤ ሲያዘነብል አጭር የሆነውን ሽቦ ይስበውና እጀታው ሞተሩን ያጠፋዋል። ምልክቱ በደንብ የተራበ ሞተር ይመስላል። የማጥፊያውን ሽቦ ከእጀታው ላይ ያውልቁና እጀታው በሥራ ቦታው እንዲቆይ በስፕሪንግ ይያዙት፤ ከዚያ ይሞክሩት። ከመሞከርዎ በፊት እጀታውን በእጅ ይዘው ሞተሩን ማጥፋት እንደሚችሉ ያረጋግጡ፣ አጠገቡም ሰው ይቁም። ሽቦው ወልቆ ሲሞከር ጭኖም ካልጠፋ ሱፖርቱን ቀይረው ሽቦውን ያላሉት።

ማጥፊያው ኤሌክትሪክ ከሆነ ሽቦው በዚያው መወዛወዝ ይቆራረጣል። ቮልቲሜትር ከሶሌኖይዱ (ማጥፊያውን ከሚያንቀሳቅሰው የኤሌክትሪክ መግነጢስ) ጋር አስረው ካቢን ውስጥ ሆነው ሲረግጡ ይመልከቱት፤ 24 ቮልት ላይ የሚሠራው ወደ 20 ቮልት ከወረደ የቁልፉን፣ የፊውዙንና የመሬቱን መስመር ይፈልጉ።

ፍሬኖ ሞተርም (ጭሱን አፍኖ መኪናውን የሚያዘገየው) አለ። ማርሚታ መስመር ላይ ያለው መዝጊያ በጥላሸት ተይዞ ግማሽ ተዘግቶ ሲቀር ሚኒሞ ላይ የሚወጣው ጭስ ትንሽ ስለሆነ አይሰማውም፤ ሲረግጡት ግን ይታነቃል። ከዚህም አልፎ በአንዳንድ የቆዩ መኪናዎች የፍሬኖ ሞተሩ የአየር ፒስተን ከማጥፊያው እጀታ ጋር የተያያዘ ነው፤ ፒስተኑ ካልተመለሰ እጀታውን ግማሽ እንደሳበ ይቀራል። ሞተሩ ሲሠራ ሁለቱም እጀታዎች ሙሉ በሙሉ መመለሳቸውን በዓይን ይዩ።

በአየር በኩል ፊልትሮውንና ከእሱ ወደ ሞተር የሚሄደውን የጎማ ቱቦ ማየት ይበቃል። ሙቀት ያለሰለሰው ቱቦ ሲረገጥ ወደ ውስጥ ይገባና ይዘጋል። ይሄኛው ጥቁር ጭስ አለው፤ ብዙ ጊዜም ጉልበት ያሳጣል እንጂ አያጠፋም።

ፖምፓው የሚወርደው

ግፊቱ ቆሞ፣ አረፋ ሳይኖር፣ ማጥፊያው ነጻ ሆኖ ከጠፋ ብቻ ነው። በተለይ ቀዝቅዞ ደህና ሆኖ ሲሞቅ የሚጠፋና ሞቆ አልነሳ የሚል ከሆነ የፖምፓው ፒስተኖች ተበልተዋል ማለት ይቻላል፤ በፒስተኑና በቤቱ መካከል ያለው ክፍተት ከ2 እስከ 3 ማይክሮን ስለሆነ፣ ሲሞቅ የሚቀጥነው ናፍጣ በተበላው በኩል ያመልጣል። ይህን ለማረጋገጥ ቀዝቃዛ ውሃ የሚያፈሱበት አሉ፤ አያድርጉት፤ ያ ጠባብ ክፍተት በድንገት ሲጨማደድ ፖምፓው ይነክሳል (ተጣብቆ ይቆማል)። እርጥብ ጨርቅ አልብሰው ጥቂት መጠበቅ በቂ ነው። ሲያስረክቡት የለኩትን ግፊት ጽፈው ይስጡ፣ በመፈተሻ ማሽን ላይ በሙሉ ጭነትና በሚኒሞ ዙር የሚሰጠው መጠን ተለክቶ እንዲጻፍልዎ ይጠይቁ።

ሲጨርሱ አየሩን ማስወጣት

የፊልትሮውን የላይኛውን ማስተንፈሻ ብሎን አላልተው አረፋ የሌለው ናፍጣ እስኪመጣ በእጅ ይምቱ፣ ያጥብቁ። ከዚያ በፖምፓው ላይ ያለውን ይድገሙ። ፊልትሮውን ከጀሪካን ናፍጣ ሞልተው መግጠም ለምደው ከሆነ ይተዉት፤ በመሃለኛው ቀዳዳ የገባው ሳይጣራ በቀጥታ ወደ ፖምፓው ይሄዳል። ካልነሳ የሁለት ኖዝሎችን (ናፍጣ ወደ ሲሊንደር የሚረጩትን) የቱቦ ዳዶ ግማሽ ዙር አላልተው ሞተሩን ያዙሩት፤ በአንድ ጊዜ ከ15 ሰከንድ በላይ አያዙሩ፣ በመካከል ቢያንስ አንድ ደቂቃ ያሳርፉት። እጅዎን ከዚያ ያርቁ። ከኖዝል መስመር የሚወጣ ናፍጣ ከ200 ባር በላይ ሊሆን ይችላል፣ ቆዳ ይበሳል፤ የመርፌ ቀዳዳ ያህል ብቻ ቢታይም ወዲያው ሐኪም ቤት የሚያስኬድ ጉዳት ነው።

ሞተሩ ሲነሳ ዳዶዎቹን ያጥብቁ፣ ጭነው ያው የሚጠፋበት ዳገት ላይ ይውጡ፤ ጌጁ እንደተገጠመ ይሁን። ከ50 ኪሎሜትር በኋላ የነኩትን መጋጠሚያ ሁሉ አንዴ ይመልከቱት፤ አዲስ ሮንዴላ ከሞቀ በኋላ ትንሽ ይቀመጣል፣ ሩብ ዙር መጨመር ሊፈልግ ይችላል። ያነበቡትን ቁጥር፣ በሚኒሞና በዳገት፣ ለየብቻው ጽፈው ቢልኩልኝ ቀጣዩን አብረን እናያለን።